ዴይስቶች ሲሰባሰቡ የሚሳሳቱት

ፈጣሪ አለ፤ የሚታወቀው ግን በተፈጥሮና በማሰብ እንጂ በነቢይ ወይም በቅዱስ መጽሐፍ አይደለም። ዴይዝም በአጭሩ ይኸው ነው። ካህን የለ፣ ሥርዓት የለ። ታዲያ ሰዎቹ መሰባሰብ ሲያምራቸው ከየት ይጀምሩ? ብዙ ጊዜ ከስህተት ይጀምራሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት በማይቀበሉት ነገር ብቻ መተሳሰር ነው። «በተአምር አናምንም፤ ካህን አንፈልግም።» እሺ፣ ከዚያስ? በ1790ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ኤሊሁ ፓልመር የሚባል ዓይነ ስውር ሰው አንድ የዴይስቶች ማኅበር ይመራ ነበር። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ጋዜጣም ነበራቸው። ጉልበታቸው ግን በአብዛኛው ቀሳውስትን ሲሞግት አለቀ። በ1806 ፓልመር ሲሞት እንቅስቃሴውም እየከሰመ ሄደ።

ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያንን መቅዳት ነው። ዴቪድ ዊሊያምስ በ1776 ለንደን ውስጥ «ሁሉንም ያስማማል» ያለውን የጸሎት ሥርዓት አዘጋጅቶ የጸሎት ቤት ከፈተ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተዘጋ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፕላቶን የተረጎመው ምሁር ፍሎየር ሲደንሃም በዕዳ ተይዞ በ1787 ሞተ። ዊሊያምስን ነገሩ አንገበገበው። በ1790 ለተቸገሩ ጸሐፊዎች የሚደርስ የእርዳታ ፈንድ አቋቋመ፤ ፈንዱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጸሎቱ ሰው አልሰበሰበለትም፤ የሰው ችግር ግን ሰበሰበለት። የሰፈር እድር የገባው ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ለቅሶ ሲኖር መጀመሪያ ድንኳኑ ይተከላል።

በጉልበት አንድ ማድረግማ አይወራም። የፈረንሳይ አብዮት መሪ የነበረው ሮቤስፒዬር ጁን 8 ቀን 1794 «ልዑል ህላዌ» ለተባለው ፈጣሪ ፓሪስ ውስጥ ታላቅ በዓል አከበረ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንገቱ ተቆረጠ።

ሌላው «አእምሮዬ ቤተ ክርስቲያኔ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ ነው። ዴይስቱ ጸሐፊ ቶማስ ፔይን ይህን ብሏል፤ ልክ ነው። እዚያው ግን የሃይማኖት ግዴታ ፍትሕ መሥራት፣ ምሕረት መውደድና ሌላውን ለማስደሰት መጣር መሆኑንም ጽፏል። ይህንን የሚጠቅስ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ቤንጃሚን ፍራንክሊንማ ወጣት ሳለ ዴይስት ሆኖ፣ ትምህርቱ እውነት ቢሆንም ያን ያህል እንደማይጠቅም ጠርጥሮ ነበር። ኋላ በ1751 ፊላደልፊያ ውስጥ ሆስፒታል ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። በ1788 ደግሞ ለከተማዋ ምኩራብ ገንዘብ አዋጣ። ማን ምን ያምናል ብሎ አልጠበቀም።

እኛ ሐበሾች ደግሞ የራሳችን አንድ አለችን፤ ወዲያው ወደ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ መሮጥ። በስሙ የሚታወቀው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ ሐተታው፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ይሁን፣ ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ፣ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ግን ስብሰባውን ሙሉ ይበላዋል። ግማሽ ሰዓት ስጡት። ከዚያ ቅዳሜ ደም ለመለገስ ማን እንደሚመጣ ስም መዝግቡ።