ሂተሩ መጨረሻ ይገዛል፦ ብርዳም አሮጌ ቤትን በአቅም ማሞቅ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በብርድ ምክንያት ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። የአፄ ምኒልክ ግቢ እንጦጦ ላይ ነበር፤ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው እየወረዱ ፍልውሃ ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራ፣ ከተማውም ተከትሎ ወረደ። እኛ ግን ወርደንም አልሞቀንም።

እናቴ የምትኖረው አራት ኪሎ ነው። ጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጣውላ ወለል፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ የአቡጀዴ ኮርኒስ። አምና ታኅሣሥ ላይ ሳሎኑ ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቀልኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳየው 12 ዲግሪ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ወቅት ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ ይሁን ብሎ ይመክራል። እናቴ ጋቢዋን ደርባ «ለጥቅምት አንድ አጥንት ነበር የሚባለው፣ ለታኅሣሥ ምን ሊባል ነው?» አለችኝ።

እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ሮጥኩና 2,000 ዋት ሂተር ገዛሁ። ቴሌቪዥኑ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ፕላስቲክ ሸተተን። ማከፋፈያው ቀልጦ ከሂተሩ ሶኬት ጋር ተጣብቋል። ከሁሉ የሚያናድደው ክፍሉ ያኔም ብርድ ነበር። ሙቀቱ በዚያ በተቀዳደደ ኮርኒስ አልፎ ወደ ሰማይ ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩን ከጀርባው ጀመርኩት። ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ፣ ሰንደል ለኩሱ

ነፋስ ያለበት ምሽት ምረጡ። በርና መስኮት ዝጉ። አንድ ሰንደል ለኩሳችሁ ቤቱን ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ በሩ ሥር፣ የመስኮቱ ፍሬም ዙሪያ፣ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት፣ የኮርኒሱ ማዕዘን። መጋረጃና አቡጀዴ አጠገብ ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

አየር ከሌለ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቀዳዳ ካለ ያጎነብሳል። እናቴ ቤት በሩ ሥር ስደርስ ጭሱ መሬት ላይ ተኛ። ከቁም ሳጥኑ በላይ ባለው ማዕዘን ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ወደ ላይ ተስቦ ሽው አለ። ወንበር ላይ ወጥቼ ብዳብሰው እጄ የሚያስገባ ክፍተት ነው። ስንት ዓመት ነው ቁም ሳጥኑ የደበቀው! ያገኛችሁትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

ቀዳዳ ከመድፈናችሁ በፊት ከሰሉን አስወጡ

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። አሮጌ ቤት ከሰል አንድደው የሚያድሩ ሰዎችን አንዳንዴ የሚያተርፋቸው ያው ቀዳዳው ነው። ቤቱን ደፍናችሁ ማንደጃ ካስገባችሁ አደጋውን በገዛ እጃችሁ አባዛችሁት ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን አይጎዳም» ብሎ ያምናል። ገዳዩ ግን ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጥሩ የቀላ ፍምም ያመነጨዋል። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም አያግደውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። ቡና ሲፈላ በሩ ይከፈት፤ ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው በረንዳ ይውጣ። ከሰል እያለ መተኛት የለም።

አሁን ድፈኑ

ይህ በጣም ርካሹ ሥራ ነው። ለበሩ ሥር የአሮጌ ሱሪ እግር ቆርጣችሁ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ስፉት። ማታ ማታ በሩ ሥር ይጋደማል። ለመስኮት ፍሬም ደግሞ በአንድ ጎኑ የሚለጠፍ የስፖንጅ ጥቅል አለ።

ለጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ሲሚንቶ አትጠቀሙ። ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም፤ አንድ ክረምት ሳይሞላው ተላቆ ይወድቃል፣ ጭቃውንም ይዞት ይወርዳል። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ጥቂት ቀን አክርማችሁ ምረጉት። ጊዜው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ በክረምት የተመረገ አይደርቅም። የጋዝ ምድጃ ያለበት ክፍል ግን አየር መውጫው እንዳለ ይቆይ።

ቀና ብላችሁ አሸንዳውንም እዩት። የተቀደደ አሸንዳ ውሃውን ግድግዳው ላይ ያወርደዋል፤ እርጥብ ግድግዳ ደግሞ ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ያባክናል። የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ግማሹ እርጥበት ነው።

ትልቁ ሥራ ኮርኒሱ ነው

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እዚህ አውሉት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ያለው ደግሞ ስስ ቆርቆሮ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ጠዋት ዝናብ ሳይኖር ከቆርቆሮው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ከዚሁ የመጣ ነው፤ የእኛው ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል።

አቡጀዴ ኮርኒስ አቧራ ይይዛል እንጂ ሙቀት አይይዝም። የእናቴ ቤት ኮርኒስ ነፋስ ሲነሳ እንደ ሸራ ይነፋ ነበር። በቺፕውድ ቀየርነው። ጅብሰም አይቃጠልም፣ በዚያ ይሻላል፤ ግን ይከብዳል። ያረጀ የባሕር ዛፍ ማገር ይሸከመው እንደሆነ አናጢው ወጥቶ ሳያየው አትግዙ።

ከዚያ ከኮርኒሱ በላይ ነጩን ፎም አነጠፍን፤ ያን ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚታሸግበትን። የተወሰነውን ከዕቃ ሻጮች በነፃ አገኘሁ፣ የቀረውን ገዛሁ። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ፎሙ ቆርቆሮውን እንዳይነካ፤ በመሃሉ አየር ይለፍ፣ ካልሆነ ያ ጠብታ ይጠራቀምበታል። ሁለተኛ፣ ፎም በቀላሉ ይቃጠላል። በተላጠ ሽቦ ወይም በአምፖል ላይ በጭራሽ አይነጠፍም። ሽቦው አስቀድሞ ቱቦ ውስጥ ይግባ። ጭድ አስገቡ የሚሏችሁን አትስሙ፤ አይጥ ነው የምትቀልቡት።

ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ጠዋት ሂተር ሳይበራ ቴርሞሜትሩ 15 አለ።

አካልን ማሞቅ ከክፍል ማሞቅ ይረክሳል

ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ አልጋ ላይ ደህና የሱፍ ብርድ ልብስ። አያቶቻችን ከፍራሽ ሥር አጎዛ ያነጥፉ የነበረው ለጌጥ አልነበረም፤ ብርዱ ከታችም ይመጣል። የሙቅ ውሃ ላስቲክ ከፋርማሲ ግዙ። ሁለት ሊትር ውሃ ለማሞቅ ከሩብ ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ መብራት ይበቃል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይሞቃል። በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ያም ቢሆን ያቃጥላል። በፎጣ ጠቅልሉት። መብራት ሲጠፋም ሂተሩ ዝም ይላል፣ ላስቲኩ አይልም።

ፀሐይ በነፃ ናት። በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል የደቡቡን መስኮት መጋረጃ ጠዋት ክፈቱት፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዝጉት።

ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ

የአሮጌ ቤት ሽቦ የተዘረጋው ለአምፖልና ለራዲዮ ነው። 2,000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን ሁለቱ አብረው ሲበሩ 25 አምፔር ነው። ለሂተሩ ከብሬከር የሚነሳ የራሱ መስመር ይዘርጋ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ደህና ሶኬት። ማከፋፈያ የለም። የእኔን ታሪክ ሰምታችኋል። ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ሂተር አይበራም።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ከግቢው ሰው ጋር ተነጋገሩ። በሂተር ሒሳብ የተኳረፈ ግቢ አውቃለሁ።

ሂተሩ

ሻጩ «ይሄ መብራት አይበላም» ይላችኋል። አትመኑት። ዘይት ያለውም፣ ማራገቢያ ያለውም፣ ቀይ ዘንግ ያለውም 1,000 ዋት ከበላ 1,000 ዋት ሙቀት ነው የሚሰጠው። ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው። ቀይ ዘንጉ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያሞቃል፤ ሰፊና አየር ለሚያስገባ ሳሎን እሱ ይሻላል። ዘይቱ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ለመኝታ ክፍልና ልጆች ላሉበት ቤት እሱን እመርጣለሁ። ቴርሞስታት ያለውን፣ ማለትም ክፍሉ ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋውን ግዙ። በየትኛውም ላይ ልብስ አይሰጣም።

ኮርኒሱ ከተሠራ በኋላ ለአንድ መካከለኛ ክፍል 1,000 ዋት ይበቃችኋል። 2,000 ዋት በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት በ3 ሰዓት 90 ብቻ። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ ብዙ ስትጠቀሙ የአንዷም ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ማሞቂያ ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ማሞቅም የሚችል ኢንቨርተር ኤሲ ነው። ሙቀት አይሠራም፤ ከውጭው አየር ቀድቶ ያስገባል። ለእኛ ዓይነቱ መካከለኛ ብርድ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በልቶ ሦስት ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። መግዣውና መትከያው ግን ውድ ነው። የራሳችሁ ቤት ከሆነና ዓመታት የምትኖሩበት ከሆነ አስቡበት።

ገንዘቡስ?

ዕቁብ። 12 ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል ዕጣው 24,000 ነው። ዘዴው ወቅቱ ላይ ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የሚጀምር ዕቁብ ግቡና «የመስከረም ወይም የጥቅምት ይድረሰኝ» ብላችሁ ለዳኛው ቀድማችሁ ንገሩ። ለሠርግ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚቸኩል አይጠፋም፤ ተራ መቀያየር የተለመደ ነው። ዋስ አዘጋጁ። መሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለው ደግሞ ለቤት ጥገና ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

አንድ ላይ አትጀምሩት። መድፈኑ ከወር ደመወዝ ይወጣል። ዕቁቡ ለኮርኒስና ለሽቦ። ሂተሩ በሚቀጥለው ወር።

የምትኖሩት የቀበሌ ቤት ከሆነ ኮርኒስ ከመንካታችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ የጥገና ፈቃድ ጠይቁ። ሌላም ነገር አለ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ አይተናል። ሰፈራችሁ በልማት ተራ የሚጠብቅ ከሆነ ገንዘባችሁን ግድግዳ ላይ አትምረጉት። ምንጣፉን፣ ወፍራሙን መጋረጃ፣ ሂተሩን፣ ብርድ ልብሱን አስቀድሙ፤ ኮርኒሱንም በምስማር ሳይሆን በብሎን እሰሩት። ብሎን ይፈታል፣ ቺፕውዱም አብሮ ይጫናል።

ሂተሩ በገባ ማግስት የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉት። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍታችሁ ሂተሩን ብቻ አንድ ሰዓት አብሩት፣ ከዚያ ቁጥሩን እንደገና አንብቡ። 1,000 ዋት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሂተር ከአንድ በላይ ከቆጠረ ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ተመለሱ። እኔ ተመልሻለሁ። ሻጩ ትንሽ አንገራገረ እንጂ ቀየረልኝ።