ብሩሴሎሲስ ልብንና አንጎልን ሲነካ፦ ምልክቶቹን ለይቶ በጊዜ ለመታከም

ብሩሴሎሲስ ከከብት፣ ከፍየል፣ ከበግ፣ ከግመልና ከአሳማ ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ልብን የሚያጠቃው ከ100 ሕሙማን በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ብቻ ቢሆንም፣ በበሽታው ከሚሞቱት አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ብዙ አያጋጥምም ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው።

የሚመላለስ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያለበት ሰው ትንፋሽ ካጠረው ወይም እግሩ ካበጠ፣ ሳይዘገይ የልብ አልትራሳውንድ ሊደረግለት ይገባል፤ በብዛት የሚጎዳው የአኦርታ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት ሲወጣ የሚያልፍበት የልብ በር) ነው። አንጎልና ነርቮች ሲነኩ ደግሞ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት ወይም የእግር መዛል ይታያል። በተለይ የመስማት ችሎታ መቀነስ በቀላሉ የሚታለፍ ምልክት በመሆኑ፣ ሕመምተኛው ራሱ ባያነሳው እንኳ ቤተሰቡ ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል፤ ምርመራውም የአከርካሪ ፈሳሽ መውሰድን ይጨምራል።

ያልተፈላ ወተት መጠጣትን ወይም የጨነገፈ እንስሳ መንካትን ሳይጠየቁ መናገር ምርመራውን ያፋጥናል። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ቀስ ብሎ የሚያድግና ባለሙያዎችንም ሊይዝ የሚችል በመሆኑ፣ ናሙናው ሲላክ ጥርጣሬው በግልጽ መጻፍ አለበት።

ያልተወሳሰበው ሕመም በዶክሲሳይክሊንና በሌላ አንቲባዮቲክ ለ6 ሳምንታት ያህል ይታከማል። ልብ ወይም አንጎል ሲነካ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት መድኃኒቶች ለወራት ይሰጣሉ፤ የተበላሸ ቫልቭም በቀዶ ሕክምና መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል።