በአሜሪካ ባሕር ኃይል ያገለገለ ዘመዳችሁ የክፍል ሽልማት እንዳለው እንዴት ታጣራላችሁ?

መርከብ ላይ ማንም ብቻውን ጀግና አይሆንም። መድፈኛው የሚተኩሰው ከታች ጥይት የሚያቀብለው ስላለ ነው። ሞተር ክፍል ያለው ደግሞ ከላይ የሚሆነውን ሳያይ መርከቧን ያንቀሳቅሳል። የክፍል ሽልማት፣ ማለትም ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመላው መርከብ ወይም የጦር ክፍል የሚሰጠው፣ የመጣው ይህን ለማክበር ነው። መርከቧ ከተሸለመች ካፒቴኑም፣ ወጥ ቤት የሚሠራውም፣ ትናንት የተቀጠረው ልጅም አንድ ዓይነት ሪባን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ ከወታደራዊ ሽልማቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

ሽልማቱ የሚጸድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከውጊያው ወራት ቆይቶ ነው። ባሕረኛው እስከዚያ ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሮ ወይም ሠራዊቱን ለቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚገባውን ሪባን ሳያውቅ የኖረ ሰው አይጠፋም። ማጣራት ግን ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ሽልማቶቹን ለዩ

ትልቁ የፕሬዝዳንቱ የክፍል ሽልማት ነው። ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 1942 ያቋቋሙት ሲሆን፣ ክፍሉ የሚመዘነው አንድ ሰው «የባሕር ኃይል መስቀል» የተባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ ለማግኘት በሚጠየቀው የጀግንነት ልክ ነው። ሁለተኛው የባሕር ኃይል የክፍል ምስጋና ነው። በታኅሣሥ 1944 ተቋቋመ፤ ወደ ኋላ ተመልሶም ከታኅሣሥ 1941 ጀምሮ ላለው አገልግሎት እንዲሠራ ተደረገ። ሦስተኛው፣ ለላቀ አገልግሎት የሚሰጠው የክፍል ምስጋና፣ በ1967 መጣ።

ሽልማት የግድ በጥይት መካከል አይገኝም። ኖቲለስ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በነሐሴ 1958 ከበረዶው በታች በሰሜን ዋልታ በኩል ስታልፍ ማንም አልተኮሰባትም። ሆኖም ትልቁን ሽልማት አገኘች፤ በሰላም ጊዜ ለተሠራ ሥራ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «መርከቧ ይህን ያህል የውጊያ ኮከብ አላት» ሲባል ስለ ክፍል ሽልማት እየተወራ አይደለም። የውጊያ ኮከብ በዘመቻ ሪባን ላይ የሚጨመር ምልክት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የተዋጋችው አውሮፕላን ተሸካሚዋ ኢንተርፕራይዝ 20 የውጊያ ኮከቦች አሏት። የፕሬዝዳንቱ የክፍል ሽልማቷ ግን ከእነዚህ ውጭ ለብቻው የሚቆጠር ነው።

2. የመርከቧን ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሯንም ያዙ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰመጠችን መርከብ ስም ለአዲስ መርከብ ይሰጣል። ላፊ የተባሉትን ሁለት ዲስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች) እንይ። አንደኛዋ ቁጥሯ 459 ነው፤ በኅዳር 1942 ጓዳልካናል በተባለችው የፓስፊክ ደሴት አጠገብ በሌሊት ውጊያ ሰመጠች። ሁለተኛዋ 724 ናት። ሚያዝያ 16 ቀን 1945 ኦኪናዋ በተባለችው የጃፓን ደሴት አጠገብ ከ20 በላይ የጃፓን አውሮፕላኖች ተራ በተራ መጡባት። ስድስት አጥፍቶ ጠፊዎችና አራት ቦምቦች መቷት፤ 32 ሰዎች ሞቱ፣ 71 ቆሰሉ። መርከቧ ግን አልሰመጠችም። ሁለቱም ላፊዎች የፕሬዝዳንቱን የክፍል ሽልማት አግኝተዋል፤ በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ውጊያ። ቁጥሩን ካላወቃችሁ የአንዱን ሰው ክብር ለሌላው ልትሰጡ ትችላላችሁ።

ቁጥሩን ከስንብት ወረቀቱ፣ ከድሮ ደብዳቤ፣ ከፎቶ ጀርባ ፈልጉ።

3. መርከቧ የተሸለመችበትን ጊዜ ፈልጉ

የባሕር ኃይሉ ታሪክ ክፍል የየመርከቧን አጭር ታሪክ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ሽልማቶቹም አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይጠቀሳሉ። እናንተ የምትፈልጉት «ተሸልማለች» የሚለውን ብቻ አይደለም። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ለተሠራው ሥራ እንደሆነ ነው።

በመርከቧ ስም ካጣችሁት ተስፋ አትቁረጡ። ሽልማቱ በጓድ፣ ማለትም አብረው በሚዘምቱ መርከቦች ስብስብ፣ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 25 ቀን 1944 ፊሊፒንስ ውስጥ ባለችው ሳማር ደሴት አጠገብ 13 ትንንሽ የአሜሪካ መርከቦች ከትልልቅ የጃፓን የጦር መርከቦች ጋር ገጠሙ። ጆንስተን፣ ሆኤልና ሳሙኤል ሮበርትስ የተባሉት መርከቦች የሰመጡት ያን ቀን ነው። ሽልማቱ የተጻፈው ለጠቅላላው ጓድ፣ በቁጥር 77.4.3 ነው።

4. ሰውየው በዚያ ቀን መርከቧ ላይ ነበር?

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይወሰናል። በምድር ጦር ደንብ፣ ተሸላሚ ክፍል ውስጥ ቆይቶ የገባ ወታደር እዚያ እስካለ ድረስ ሪባኑን ማድረግ ይችላል። በባሕር ኃይል እንዲህ የለም። ሥራው ሲሠራ የነበረ ብቻ ነው የሚያደርገው። ከሳምንት በኋላ የመጣ አያደርግም። ከሳምንት በፊት የሄደም እንዲሁ። ለቤተሰብ ይከብዳል፤ እኔ ግን ደንቡ ትክክል ነው እላለሁ። እዚያ ለሞቱት ሰዎች የተጻፈ ወረቀት ነውና።

ለዚህ የሚረዳችሁ የባሕረኞች ስም ዝርዝር ነው። ማን መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደተዛወረ ይመዘግባል። መኮንኖችን እዚያ አትፈልጉ፤ ዝርዝሩ ለተራ ባሕረኞች ነው።

5. የግል ማኅደሩን ጠይቁ

ማኅደሩ ያለው ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ነው። የሚሞላው ቅጽ ስታንዳርድ ፎርም 180 ይባላል። ሙሉ ስም፣ የአገልግሎት ቁጥር፣ የልደት ቀንና ያገለገለበትን ጊዜ በጥንቃቄ ጻፉ። በ1973 እዚያ ከባድ ቃጠሎ ደርሶ እንደነበር ሰምታችሁ ከሆነ አትደንግጡ፤ የተቃጠለው የምድር ጦርና የአየር ኃይል ፋይል ነው።

ማኅደሩን ማን ማየት ይችላል? ሰውየው ከሠራዊቱ ከወጣ 62 ዓመት ካለፈው፣ ማንም መጠየቅ ይችላል፤ ለኮፒ ክፍያ አለ። ካልሞላው ያገለገለው ሰው ራሱ፣ ከሞተ ደግሞ ሌላ ያላገባች ሚስቱ፣ ወላጁ፣ ልጁ፣ ወንድም ወይም እህቱ ናቸው የሚጠይቁት። የልጅ ልጅ እዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ይፈርሙ።

ሽልማቱ ማኅደሩ ላይ ካልተጻፈ እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል። በደረጃ 3 እና 4 ያገኛችሁትን ኮፒ አያይዙ። ጥያቄው «አያቴ ጀግና ነበር» አይሁን። «መርከቧ በዚህ ቀን ተሸልማለች፣ እሱም በዚህ ቀን ዝርዝሩ ላይ አለ» ይሁን።

6. ሪባኑን ስትሰቅሉ

የፕሬዝዳንቱ የክፍል ሽልማት መስመሮች አግድም ናቸው፦ ሰማያዊ፣ ወርቃማና ቀይ። ሰማያዊው ወደ ላይ ይሁን፤ ተገልብጦ የተሰቀለ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሪባኑ ላይ ነሐስ ኮከብ ካለ ሽልማቱ ተደግሟል ማለት ነው። ከጎኑ የሽልማቱን ጽሑፍ ኮፒና የዚያን ቀን የስም ዝርዝር ገጽ አድርጉ፣ የሌሎቹ ባሕረኞች ስም ሳይቆረጥ።