በሚሟሟ ስካፎልድ ውስጥ የህዋስ እድገትን እንዴት እንከታተላለን?

ስካፎልድ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ፣ ስፖንጅ የመሰለ ድጋፍ ነው። ህዋሳት ተጣብቀውበት ይራባሉ፤ እሱ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ብርሃን ስለማያሳልፍ ግን በማይክሮስኮፕ አይቶ መቁጠር አይሆንም።

ለዚህ የምመርጠው ሬሳዙሪንን ነው፤ አላማር ብሉ እየተባለ የሚሸጠውን። ሰማያዊ ነው፤ በህይወት ያለ ህዋስ ወደ ሮዝ ይቀይረዋል። በጥንቃቄ ከተጠቀማችሁበት ህዋሱን ስለማይገድል ያንኑ ናሙና በ1ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መለካት ትችላላችሁ። ሌላውን የተለመደ የህዋስ መለኪያ ቀለም፣ ኤምቲቲን፣ ግን ተዉት። ህዋሱን ይጨርሰዋል፤ የሚፈጥረው ክሪስታልም ቀዳዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ስካፎልዱ ፒሲኤል ከተባለው ቀስ ብሎ የሚሟሟ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ በ70 በመቶ ኢታኖል ንከሩት፤ ውሃ አይወድም። ከዚያ በፒቢኤስ (ህዋስን በማይጎዳ የጨው ውሃ) ደጋግማችሁ እጠቡት። አውቶክሌቭ (በጋለ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ እንዳታስገቡት፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል።

ህዋሱን ዝሩና 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ አኑሩ። ከጎኑ ህዋስ ያልተዘራበት ስካፎልድ በዚያው ሚዲየም (ህዋሱ በሚመገበው ፈሳሽ) አስቀምጡ። ያለሱ አትጀምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኬቱ ላይ ነው። ቀለሙን ከመጨመራችሁ በፊት ስካፎልዱን በወረንጦ ወደ አዲስ ፕሌት (ባለ ጉድጓድ የላቦራቶሪ ሳህን) አዛውሩ፣ ግን አትጭመቁት። በመጀመሪያው ፕሌት ላይ በቀዳዳው ሾልከው ወርደው ታች የተጣበቁ ህዋሳት አሉ። ፕላስቲኩ ስለሚመቻቸው እዚያ ይራባሉ፤ ሳታዛውሩ ከለካችሁ የነሱ ሮዝ ለስካፎልዱ ይቆጠርለታል።

የቀለሙ መጠን ከሚዲየሙ 10 በመቶ ይሁን። ከብርሃን ከልላችሁ ከ1 እስከ 4 ሰዓት አቆዩት። ወፍራም ስካፎልድ ቀለሙን ለማስገባትም ለማስወጣትም ጊዜ ይፈልጋል፤ የመረጣችሁትን ሰዓት እስከ መጨረሻው አትቀይሩ። ህዋሱ ሲበዛ ሮዙ ራሱ ቀለም አልባ ይሆናል። ያኔ ቁጥሩ ይወርድና ህዋሱ የሞተ ይመስላል፤ ሰዓቱን ማሳጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የቀድሞዎቹንም ልኬቶች በአዲስ ናሙና በዚያው ሰዓት መድገም የግድ ነው። በመጨረሻ ነቅነቅ አድርጉና 100 ማይክሮሊትር ወደ ጥቁር ፕሌት ቀድታችሁ በ560 አብሩ፣ በ590 ናኖሜትር አንብቡ። ከዚያ ህዋስ የሌለበትን ስካፎልድ ቁጥር ቀንሱ፤ ስካፎልዱ ራሱ ቀለም ይመጥጣል።

ሬሳዙሪን የሚለካው የህዋሱን እንቅስቃሴ እንጂ ብዛቱን አይደለም። ስለዚህ በየልኬቱ ጥቂት ናሙና ሠውታችሁ ዲኤንኤውን በፒኮግሪን (ከዲኤንኤ ጋር ሲጣበቅ በሚያበራ ቀለም) ለኩ። አንድ የሰው ህዋስ 6.6 ፒኮግራም ገደማ ዲኤንኤ አለው፤ ያገኛችሁትን ለዚህ ስታካፍሉ የህዋሱን ብዛት ትገምታላችሁ። ዲኤንኤውን ለማውጣት ፒሲኤልን በፓፔይን (ፕሮቲን በሚፈጭ ኢንዛይም) 60 ዲግሪ ላይ መፍጨት አያዋጣም፤ ይለሰልስና ዲኤንኤውን ይይዘዋል። በትራይተን (የህዋስ ሽፋን በሚቀድ ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ውስጥ ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ይሻላል።

አንዱን ናሙና ደግሞ በምላጭ መሃሉን ቁረጡና ካልሲንና ኢቲዲየም ሆሞዳይመር በሚባሉ የሚያበሩ ቀለሞች አቅልሙት። አረንጓዴው ህያው፣ ቀዩ ሙት ነው። ኦክስጅን ጥቂት መቶ ማይክሮሜትር ስለሆነ የሚዘልቀው፣ ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቀይ ቢሆን አይግረማችሁ።

ቁጥሩ ዘግይቶ ከወረደ ህዋሱን ከመክሰሳችሁ በፊት ስካፎልዱን እዩ። ፒሲኤል ከሁለት ዓመት በላይ ይቆያል፤ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ 50 ለ50 ተቀላቅለው የሚሠራው ፕላስቲክ፣ ፒኤልጂኤ፣ ግን በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ይሟሟል። ሲሰባበር ህዋሱን ይዞ ይወድቃል፤ አሲድም ይለቃል። ሚዲየሙ ከቀይ ወደ ቢጫ ሲያደላ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፤ ምን ያህሉ እንደሟሟ ለማወቅም ባዶውን ስካፎልድ አድርቃችሁ መዝኑ።