የሰው ኃይል ዕቅድና መዋቅር ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች አንፃር

ሰኔ ሲገባ የሰው ሀብት ክፍሎች ፋታ ያጣሉ። የብዙ ድርጅት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት «የቀጣይ ዓመት የሰው ኃይል ዕቅድ» የሚል ሰነድ ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ መድረስ አለበት።

ሰሜን ሸዋ ላይ፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ይህ ሰነድ ዛሬ የወግ ወረቀት ሊሆን አይችልም። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር የምትታወቀው። አሁን የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የምግብ ፋብሪካዎች አሉ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ሁሉም ሠራተኛ የሚፈልጉት ከአንድ ሰፈር ነው። እናንተ ያሠለጠናችሁትን ኤሌክትሪሺያን ጎረቤት ፋብሪካ ትንሽ ብር ጨምሮ ይወስደዋል። ዕቅዱ ውስጥ ያለ ስህተት እንደ ድሮው ተሸፋፍኖ አያልፍም። ደጋግመው የሚታዩትን እንያቸው።

«ስንት ሰው ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጀመር

የተለመደው አሠራር ይኸው ነው። ለየክፍሉ ቅጽ ይላካል፤ ኃላፊው የሚፈልገውን ቁጥር ሞልቶ ይመልሳል። ይቆረጥብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ጨምሮ ይጽፋል። ፋይናንስ ደግሞ እንደሚጨምር ስለሚያውቅ ይቆርጣል። በመጨረሻ የሚጸድቀው ቁጥር የድርድር ውጤት ነው፤ ከሥራው ጋር ዝምድና የለውም።

መነሻው ሥራው መሆን አለበት። አንድ የማሸጊያ መስመር እንውሰድ። በአንድ ፈረቃ 12 ሰው ይፈልጋል እንበል። በቀን ሦስት ፈረቃ ይሠራል፤ ሳምንቱን ሙሉ አይቆምም። ብዙ ሰው 12 በ3 አባዝቶ 36 ብሎ ያርፋል።

እስቲ በዓመት እናስላው። 36 ሰው በ365 ቀን ሲባዛ 13,140 ፈረቃ መሸፈን አለበት። አንድ ሠራተኛ ግን በዓመት 365 ቀን አይመጣም። የሳምንት ዕረፍቱ 52 ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ለሕመም፣ ለለቅሶና ለመሳሰለው 9 ቀን ብቻ እንያዝለት። የሚቀረው 288 ቀን ነው። 13,140 ለ288 ሲካፈል ወደ 46 ይጠጋል። የሕዝብ በዓላትን ሳንቆጥር ነው ይህ ሁሉ።

36 ሰው ይዞ 46 ሰው የሚፈልግ መስመር ማንቀሳቀስ ይቻላል? ሰው «በኦቨርታይም እንሸፍነዋለን» ይላል። ይህንንም እናስላው። 36ቱ ሰው በ288 ቀን የሚሸፍኑት 10,368 ፈረቃ ነው፤ የጎደለው 2,772 ነው። አንዱ ፈረቃ 8 ሰዓት ስለሆነ 22,176 ሰዓት ይሆናል። ለ36 ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ በዓመት 616 ሰዓት ይደርሰዋል። ሠራተኛው ሥራ ላይ የሚገኘው 48 ሳምንት ገደማ ስለሆነ በሳምንት ወደ 13 ሰዓት ይመጣል ማለት ነው። አዋጁ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። ያውም በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነው የሚፈቅደው። ክፍያው ደግሞ በቀን ከመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ 1.75 እጥፍ ነው። ስለዚህ ያ ዕቅድ ገና ሲጸድቅ ሕግ የሚያስጥስ፣ ገንዘብም የሚያስወጣ ነው። ስሌቱን ለመሥራት አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃል። ለሥራ አስኪያጁ ይህን ገጽ ብታሳዩት «የሰው እጥረት አለብን» ከሚል አሥር ደብዳቤ የበለጠ ይሰማችኋል።

የአካባቢውን ወቅቶችና በዓላት መርሳት

ከላይ ያለችው 9 ቀን አማካይ ናት። አማካይ ደግሞ ያታልላል። ሰው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይቀርም።

ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወር ነው። ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላ፣ ከመንዝ የመጣ ሠራተኛ የአባቱ ማሳ ላይ ይፈለጋል። «እናቴን አሟታል» የሚለው ማስፈቀጃ በዚህ ሰሞን ይበዛል፤ የእናቶች ጤና ግን እንደ ወትሮው ነው። ደጋው ላይ በልግ ስላለ የአጨዳው ወቅት አንድ ብቻ አይደለም። ፋሲካ አለ፤ መስቀልና ጥምቀት አሉ። ከበዓል ማግሥት የሚጎድለው ሰው ብዙ ጊዜ ከበዓሉ ቀን ይበልጣል።

መፍትሔው ሠራተኛውን መውቀስ አይደለም። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ አውጡና ከሥራ የቀረውን ሰው ቁጥር በወር በወር አስቀምጡት። ቀዳዳው የት እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል። ከዚያ በኋላ አማራጭ አለ። ትልቁን የማሽን ጥገና ወደዚያ ወር ማምጣት ይቻላል። የዓመት ፈቃድ የሚፈልገውን ቀድሞ ማስመዝገብ፣ እሱን ለጊዜው የሚተካ ሰው ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠርም ይቻላል፤ ለዚህ ዓይነቱ ምትክ ሕጉ በር ይከፍታል። «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ግን ምንም አያመጣም። ሰውየው ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይጠብቀዋል፤ ተናዶ ይለቃል፤ እናንተም እንደገና ታስተዋውቃላችሁ።

ብርዱንም አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት በኋላ ውርጩ ሌሊቱን ይጠብሳል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የሚገባው ወይም የሚወጣው ፈረቃ ሰው የሚያጣው ሁልጊዜ ሰው ስላልተቀጠረ አይደለም። ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ጥሎት ስለሚሄድና ቀሪውን መንገድ በጨለማ በእግሩ ስለሚሄድ ሊሆን ይችላል። አዲስ የሥራ መደብ ከመጠየቃችሁ በፊት የሰርቪሱን መስመር እዩት። ብዙ ጊዜ ከአሥር ቅጥር አንድ ሚኒባስ ይረክሳል።

መዋቅርን በሰው ልክ መስፋት

ይህኛው በጣም የተለመደ ነው፤ በጣምም ያስከፍላል። አንድ ነባር ሠራተኛ ቅር እንዳይለው «ምክትል ኃላፊ» የሚል መደብ ይፈጠርለታል። ሁለት ኃላፊዎች አልተስማሙም ተብሎ አንድ ክፍል ለሁለት ይከፈላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሥሩ ሁለት ሰው ብቻ ያለው «ቡድን መሪ» በየቦታው ይበቅላል። ሰውየው ሲለቅ ደግሞ መደቡ ይቀራል፤ መደብ ካለ ሰው ይቀጠርበታል።

ቀላል መፈተኛ አለ። የመዋቅር ሠንጠረዡ ላይ ያሉትን ስሞች ሸፍኑና ሳጥኖቹን ብቻ አንብቡ። ይህ መደብ ምን ይወስናል? ማን ሥራውን ይቀበለዋል? ባይኖር ምን ይቆማል? ለሦስቱም መልስ ከጠፋ፣ ያ ሳጥን የተሠራው ለሰው ነው።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ሌላ ጥፋት አለ። ጎበዝ መካኒክን ለመሸለም አለቃ ማድረግ። ደመወዝ የሚያድገው በሹመት ብቻ ከሆነ ሁሉም አለቃ መሆን ይፈልጋል። ፋብሪካው ጎበዝ መካኒኩን ያጣል፤ በምትኩ ስብሰባ የሚጠላ ኃላፊ ያገኛል። ለባለሙያው ራሱን የቻለ የዕድገት መሰላል ሥሩለት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደረጃ ቴክኒሺያን እያለ፣ በሥሩ ሰው ሳይኖር ደመወዙ የአለቃውን ያህል መድረስ አለበት። «እንዴት የበታች የአለቃውን ያህል ይከፈለዋል?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ብትከራከሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

የአዲስ አበባውን መዋቅር ገልብጦ ማምጣት

ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ፣ ፋብሪካው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ደብረ ብርሃን። የዋናው መሥሪያ ቤት መዋቅር እንዳለ ተገልብጦ ይመጣል፤ ሥልጣኑ ግን እዚያው ይቀራል። የፋብሪካው የሰው ሀብት ኃላፊ ተጠሪነቱ ለማን ነው? ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጁ ወይስ ለአዲስ አበባው አለቃው? «ለሁለቱም» ከተባለ፣ ሁለቱ ሲጋጩ ማን እንደሚሰማ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። አለዚያ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ለመተካት ደብዳቤ ሲመላለስ ወር ያልፋል።

ከሠንጠረዡ ጎን አንድ የውሳኔ ዝርዝር አዘጋጁ። ቅጥር፣ ዝውውር፣ ትርፍ ሰዓት፣ ዲሲፕሊን፤ እያንዳንዱን ማን ይጠይቃል፣ ማን ያጸድቃል። መዋቅር ማለት በዋናነት ይህ ነው፤ ሳጥንና መስመሩ ሥዕል ነው።

አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል» ይባላል። ቦይለሩን (የእንፋሎት ማመንጫውን) የሚያውቀው አንድ ሰው፣ ፔሮሉን (የደመወዝ ዝርዝሩን) የሚሠራው አንድ ሰው። ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ነው። በ30 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ፈትኖ፣ ቀጥሮ፣ አሠልጥኖ መጨረስ አይቻልም። «ነገ ባይመጣ ሥራ የሚያቆም» ሰው ስም ዝርዝር ያዙ። ብዙ አይሆኑም። ለእያንዳንዳቸው አንድ ተማሪ መድቡ፤ ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ለትብብር ሥልጠና የሚመጡትን ልጆችም ለዚህ ተጠቀሙባቸው። ልጆቹን ሻይ ቤት ልኮ ማስመጣት ትብብር ሥልጠና አይባልም።

የሠራተኛ ፍልሰትን (ሥራ እየለቀቁ መሄድን) በአንድ ቁጥር መግለጽ

«የሠራተኛ ፍልሰታችን በዓመት ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚል ሪፖርት ለውሳኔ አይጠቅምም። በ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜው ውስጥ የሄደውና ሦስት ዓመት ሠርቶ የሄደው ችግራቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ሳያየው ነው የተቀጠረው፤ ወይም የቤት ኪራዩ ከደመወዙ ጋር አልተገናኘለትም። ሁለተኛው ዕድገት አጥቷል፤ ወይም ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ተቃቅሯል። የመልቀቂያ ቅጽ ላይ ሁሉም «በቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ነው የሚጽፈው። እውነቱን ከሦስት ወር በኋላ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁት፤ ክሊራንሱን ከወሰደ በኋላ የሚፈራው ነገር የለም።

«መዋቅር ተቀይሯል» ብሎ ሰው ማሰናበት

አዲስ መዋቅር መጽደቁ ብቻውን የሥራ ውል አያቋርጥም። ቅነሳ ከሆነ ሕጉ ሥርዓት አለው። ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከሠራተኛ ተወካይ ጋር መመካከር ይጠይቃል። ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያለው ቅድሚያ ይቆያል፤ እኩል ከሆኑ አጭር አገልግሎት ያለው ቀድሞ ይቀነሳል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለ። ይህን ወጪና ጊዜ መዋቅሩ ሲጠና ካልቆጠራችሁት በኋላ ፍርድ ቤት ይቆጥርላችኋል።

ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ መክተት

ሐምሌ ላይ የጸደቀ ዕቅድ መስከረም ላይ ያረጃል። ጥሬ ዕቃ ይዘገያል፤ የውጭ ምንዛሪ ይጠፋል፤ አዲስ ትዕዛዝ ይመጣል። በየሩብ ዓመቱ አንድ ጠዋት መድቡለትና ምርትን፣ ጥገናንና ፋይናንስን ጥሩ። ሦስት ነገር ብቻ እዩ። የታቀደው ሰው፣ ያለው ሰው፣ የተሠራው ትርፍ ሰዓት። ጥር ላይ ስትቀመጡ የኅዳርና የታኅሣሥን የቀሪ መዝገብ ይዛችሁ ግቡ። ያለ እሱ ከምርት ኃላፊው ጋር የምታደርጉት ክርክር እስከ ሻይ ሰዓት አያልቅም።