ዊንዶውስ 7 በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ አልጫን ሲል፦ ሥራው የቆመበትን ቦታ ለይቶ ማስተካከል

አሮጌ ላፕቶፕ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ 7 እንደገና ሲጫን ሥራው መሐል ላይ ከቆመ፣ ብዙ ሰው ፍላሹን ደግሞ አዘጋጅቶ ከመጀመሪያው ይሞክራል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ግን የፍላሹ አዘገጃጀት፣ የባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሲስተሙ በፊት የሚሠራው የማስነሻ ፕሮግራም) ቅንብርና የሃርድ ዲስኩ አከፋፈል እርስ በርስ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሥራው የት ላይ እንደቆመ ይለዩ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቋርጧል። ስለዚህ ራሙ አነስተኛ ለሆነ ማሽን ወይም በአዲስ ሲስተም ለማይሠራ ፕሪንተር ካልሆነ በቀር አልመክረውም፤ የባንክ ሥራም ባይሠሩበት ይሻላል።

የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ስለማይዝ፣ መጫኑ ተጀምሮ መብራት ከሄደ ሲስተሙ በግማሽ ይቀራል። ጎንደር በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱ ስለማይቀር፣ እኔ ይህን ሥራ ጠዋት መጀመርን እመርጣለሁ።

ፍላሹ ጭራሽ ካልታየ ባዮስ ውስጥ ይግቡ። ሴኪዩር ቡት የሚባለውን፣ ያልተረጋገጠ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክለውን ቅንብር፣ ዊንዶውስ 7 ስለማይደግፈው ያጥፉት፤ ማስነሻውንም ሌጋሲ (የድሮው የማስነሻ ዘዴ) በሚለው ላይ ያድርጉት። ፍላሹን ሩፉስ በተባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሲያዘጋጁም ኤምቢአር (የድሮው የዲስክ አከፋፈል) የሚለውን ይምረጡ። ፍላሹ ተነሥቶ ነገር ግን የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር (ሲስተሙ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) ይጎድላል የሚል መልእክት ከመጣ፣ ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3 ድራይቨር በውስጡ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ፍላሹን ውስጡ ሰማያዊ ከሆነው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ነቅለው ጥቁር በሆነው ይሰኩት። ያም ካልረዳ ፍላሹ የተዘጋጀበት የመጫኛ (አይኤስኦ) ፋይል ሲወርድ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ያውርዱት።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ነው። ዲስኩ በጂፒቲ (በአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) የተከፋፈለ ስለሆነ እዚህ ላይ መጫን አይቻልም ከተባሉ፣ ማሽኑ በሌጋሲ ተነሥቷል ማለት ነው። አንዱ መፍትሔ፣ ማሽኑና መጫኛው የሚፈቅዱ ከሆነ፣ በዩኢኤፍአይ (ሌጋሲን በተካው አዲስ የማስነሻ ዘዴ) ማስነሣት ሲሆን ለዚህም ባለ 64 ቢት መጫኛ ያስፈልጋል። ሌላው ሺፍትንና ኤፍ 10ን አንድ ላይ ተጭኖ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ዲስክፓርት በተባለው ትእዛዝ ዲስኩን አጽድቶ ወደ ኤምቢአር መለወጥ ነው። ዲስኩን የሚያጸዳው ክሊን የሚለው ትእዛዝ ግን የሲ ድራይቭን ብቻ ሳይሆን ዲንም ጨምሮ የዲስኩን ክፍፍል በሙሉ ያጠፋል። «ፋይሌ ዲ ላይ ስለሆነ አይነካም» የሚለው እምነት የሚሠራው ሲ ብቻ ፎርማት ሲደረግ ነው። አንዲት ተመራቂ ተማሪ ይህን አምና ላፕቶፑን ለሰው ሰጥታ የመመረቂያ ጽሑፏን ካጣች በኋላ ወደ እኔ መጥታ ነበር፤ ያገኘንላት ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይልዎን በሌላ ዲስክ ሳይገለብጡ ወደዚህ ደረጃ አይለፉ፤ ትእዛዙን ከመስጠትዎም በፊት የመረጡት ዲስክ መጠን ከላፕቶፑ ዲስክ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ፋይል በሚገለበጥበት ጊዜ በየሙከራው በተለያየ ፐርሰንት ላይ የሚቆም ከሆነ ራሙን ይጠርጥሩ፤ ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥተው ይሞክሩ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ፍላሹ ወይም ዲስኩ ተጎድቶ ይሆናል። ከመጀመሪያው ሪስታርት በኋላ መጫኑ እንደ አዲስ ቢጀምር ማሽኑ ዳግመኛ ከፍላሹ ተነሥቷል፤ ፍላሹን ይንቀሉት። ተጭኖ ካለቀ በኋላ በ7ቢ (7B) የሚያልቅ ቁጥር ያለው ሰማያዊ ገጽ ከመጣ፣ ባዮስ ውስጥ የሳታ (የሃርድ ዲስኩ ማገናኛ) ቅንብሩ ተለውጦ እንደሆነ አይተው ሲጫን ወደነበረበት ይመልሱት።

የዋይፋይ ድራይቨሩን ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት በላፕቶፑ ሞዴል ፈልገው በሌላ ፍላሽ ይያዙ፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ድራይቨር ማውረድ አይቻልም። ለአማርኛ ግን አይጨነቁ፤ ኒያላ የተባለው ፊደል ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል።

ሁሉም ተስተካክሎ ሳለ ድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት ስሕተት እያሉ የማይከፈቱ ከሆነ ቀኑን ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱን የሞላ ሰው ማሽኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። አስተካክለው ካጠፉት በኋላ ሰዓቱ ዳግም ወደ ኋላ ከተመለሰ የባዮሱ ባትሪ አልቋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ቮልቱ ሲአር 2032 ነው። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ባትሪው በሽቦ የተያያዘ ስለሆነ፣ ፒያሳ ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን አውጥተው ይዘው ይሂዱ።