ጓንዡ ላይ ዓሣ ስታዙ

ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ላመጣ ደቡብ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ የሄድኩ ጊዜ ስንቄ በሶና ድርቆሽ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ በሶ እየበጠበጥኩ ጠጣሁ። ሥጋውን ማን እንዳረደው አላውቅም። አሳማ የሌለበት የቱ እንደሆነ የምጠይቅበት ቋንቋም አልነበረኝም። በአምስተኛው ቀን መርካቶ ከጎኔ ሱቅ ያላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ሺያኦቤይ መንገድ ላይ አገኙኝ። ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ምነው ከሳሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ዓሣ እኮ ባራኪ አይፈልግም» አሉ። «ተነሽ፣ እንሂድ።»

ያን ማታ ከገንዳ ወጥቶ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ በሩዝ በላሁ። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። አሁን አዲስ የሚመጡትን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ሻንጣቸውን በስንቅ ሞልተው ለሚሄዱ ነው። የካንቶን ሰዎች፣ ማለትም የጓንዡና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ምግብ ለእኛ ሰው የሚከብድ አይደለም። በርበሬ የለውም፣ ዘይቱ ልከኛ ነው፣ ዓሣውም ትኩስ ነው። አስቸጋሪው ማዘዙ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቤቱን ምረጡ። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ በሩ ላይ ያለውን የዓሣ ገንዳና የተቀመጡትን ሰዎች። ውሃው ጥርት ያለ፣ ዓሦቹ የሚንቀሳቀሱ ከሆኑና ውስጥ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ክብ ጠረጴዛ ከበው ከተቀመጡ ግቡ። ዓሣው በጎኑ ተኝቶ የሚንሳፈፍበት ቤት ከሆነ እለፉት። ወንበሩ ፕላስቲክ መሆኑ፣ ጠረጴዛው ላይ ስስ ላስቲክ መነጠፉ አያሳስባችሁ። ከበላሁባቸው ቤቶች ሁሉ በጣም የጣመኝ እንዲህ ያለ ቤት ነው።

እንደተቀመጣችሁ ከምግብ በፊት «ምን ሻይ?» ትባላላችሁ። ሻዩ በሰው ቁጥር ይከፈላል፣ ስለዚህ ሂሳቡ ላይ ስታዩት አትደንግጡ። ስኳር የለውም። ጠቆር ያለውና ለሆድ የሚስማማው ፑ አር ነው፣ ካንቶኖቹ ቦ ሌይ ይሉታል። ማታ እንቅልፍ ለሚነሳው ከክሪሳንተመም አበባ ብቻ የሚፈላው ሻይ ይሻላል። ከሻዩ ጋር ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይመጣል። የሚበላበት አይደለም። የመጀመሪያውን ትኩስ ሻይ በየስኒያችሁና በየሳህናችሁ አፍስሱና ቾፕስቲኩንም አለቅልቁበት፣ ከዚያ እጣቢውን ወደ ጎድጓዳው ድፉት። አገሬው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ማንም ቅር አይለውም። ሻዩ ሲያልቅ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ገለጥ አድርጋችሁ ተዉት፣ አስተናጋጁ አይቶ ይሞላዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የማትበሉትን የምትናገሩት ከማዘዛችሁ በፊት ነው። በቻይንኛ «ሮው» ማለት ሥጋ ነው፣ እንዲሁ ሥጋ ከተባለ ግን የሚገባቸው የአሳማ ነው። ስለዚህ «ሥጋ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «ወ ቡ ቸር ጁ ሮው» በሉ፣ የአሳማ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። አሳማው የሚደበቅባቸው ቦታዎች አሉ። ጎመኑ በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ሾርባው ከአሳማ አጥንት የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። በሸክላ ድስት የሚመጣው ሩዝ ላይ ቋሊማ ተከትፎ ይገባበታል።

እኔ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር ስለማልበላ ሽሪምፑም ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎሉም አብሮ ያሳስበኛል። ኦይስተር ሶስ በየአትክልቱ ላይ ይፈሳል። የደረቀ ሽሪምፕ ደግሞ ማንም በማይጠረጥርበት የፍጅል ኬክ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ስለዚህ ዕቃ የምገዛባትን ሴትዮ ለምኜ በቻይንኛ አጻፍኩና ፎቶውን ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር አለ፦ የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብ፣ የአሳማ አጥንት ሾርባ፣ ሽሪምፕና ዛጎል ያለው ሁሉ፣ ኦይስተር ሶስ። ለአስተናጋጇ አሳያታለሁ፣ አንብባ ወደ ኩሽና ትዞራለች። አንዳንዴ ተመልሳ መጥታ ያዘዝኩትን በሌላ ታስቀይረኛለች። እንደዚያ ስታደርግ ደስ ይለኛል፣ በደንብ ገብቷታል ማለት ነው።

ለሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ነገር ልጨምር። ሐላል በቻይንኛ «ቺንግ ጀን» ነው። በእንፋሎት የበሰለ ደግሞ «ቺንግ ጀንግ» ነው። በደቡብ ሰዎች አነጋገር ሁለቱ ጆሮ ላይ አንድ ይሆናሉ። አብራኝ የምትጓዝ ጓደኛዬ «ቺንግ ጀን?» ብላ ጠየቀች፣ አስተናጋጁም በደስታ ራሱን ነቀነቀ። በእንፋሎት የበሰለ ነው ማለቱ ነበር። ደግነቱ ያዘዘችው ዓሣ ነው። ሐላል ሥጋ ከፈለጋችሁ በጽሑፍ አሳዩ፣ ወይም ሺያኦቤይ ካሉት የሙስሊም ምግብ ቤቶች ግቡ።

ዓሣውን በሜኑ አትዘዙ። ተነሱና ገንዳው ጋ ሂዱ። በጣት ማሳየት ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ይወዱታል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ ያደገ ሰው ቆሮሶን ወዲያው ያውቀዋል። እዚያም አለ፣ «ሉዎ ፌይ» ይሉታል፣ ርካሽ ነው። እኔ ግን እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ቆሮሶ እንድትበሉ አልመክርም። «ሉ ዩ» በዋጋም በጣዕምም ለጀማሪ ጥሩ ነው። «ጉዪ ዩ» የወንዝ ዓሣ ነው፣ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ደቃቅ እሾህ ስለሌለው ልጅ ይዞ ለሚበላ ይመቻል። «ሺ ባን ዩ» የባሕር ነው፣ ጠንከር ያለና ጣፋጭ ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። «ሁዋን ዩ» የሚባለውን ትልቁን የወንዝ ዓሣ ቾፕስቲክ እስክትለምዱ አቆዩት፣ ሥጋው መሃል ሹካ የመሰለ ደቃቅ እሾህ አለው። ለሁለት ለሦስት ሰው ከግማሽ ኪሎ እስከ ሰባት መቶ ግራም ይበቃል። ትልቅ ዓሣ የተሻለ ዓሣ ማለት አይደለም።

ዋጋው ላይ ቆም በሉ። እዚህ ላይ እኔ ተጎድቻለሁ። በቻይና መመዘኛው «ጂን» ነው፣ አንድ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። አንድ ጂን ደግሞ 10 «ሊያንግ» ነው፣ አንድ ሊያንግ 50 ግራም ማለት ነው። ውድ ውድ ነገሮች ብዙ ጊዜ ዋጋቸው የሚጻፈው በሊያንግ ነው። ሁለተኛ ጉዞዬ ላይ ሁለት ዘመዶቼን ይዤ አንድ ቤት ገባሁ። ገንዳው ላይ 38 ዩዋን የሚል አየሁ። በጂን መስሎኝ ሺ ባን ዩ አዘዝኩ። ሲመዘን አንድ ጂን ከ6 ሊያንግ መጣ። በልቤ ወደ 61 ዩዋን አሰብኩ። ሂሳቡ ሲመጣ የዓሣው ብቻ 608 ዩዋን ነው። 16 ሊያንግ በ38። ማንም አልዋሸኝም፣ ፊደሉን አለማንበቤ ነው። ግን ያን ቀን ለልጆቼ ጫማ የያዝኩት ገንዘብ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። ዋጋው በጂን ነው በሊያንግ? ይህ ዓሣ በጠቅላላው ስንት ይመጣል? ስልካችሁን አውጡና ካልኩሌተሩ ላይ ቁጥሩን እንዲጽፉላችሁ ስጧቸው። አንዳንድ ቤት ከቁጥር ይልቅ «የዕለቱ ዋጋ» ብሎ ብቻ ይጽፋል። ያኔ ሳትጠይቁ አታዙ። ዓሣው ሲመዘን ቁሙና እዩ፣ ዓሣው የሚመዘንበት ላስቲክ ውስጥ ያለው ውሃ መጀመሪያ ይፍሰስ። ሚዛኑን አይታችሁ ስትስማሙ ብቻ ራሳችሁን ነቅንቁ።

አበሳሰሉን ሲጠይቋችሁ «ቺንግ ጀንግ» በሉ። ወጥ ቤቱ ዓሣውን ሳይቆራርጥ ሳህን ላይ ያስተኛዋል፣ ዝንጅብል ያደርግበታል፣ በኃይለኛ እንፋሎት ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ያቆየዋል። ከዚያ የወጣውን ውሃ ይደፋዋል። በቀጭኑ የተላገ አረንጓዴ ሽንኩርት ይከምርበትና የጋለ ዘይት ያፈስበታል። ቸስ ሲል ሽታው ቤቱን ያውደዋል። በመጨረሻ ቀለል ያለ ሶያ ሶስ ይጨምርበታል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሕያው የነበረ ዓሣ ሲበስል ዓይኑ ነጭ ሆኖ ወደ ውጭ ወጣ ይላል፣ ክንፉ ይቆማል። ሥጋው ከአጥንቱ በቾፕስቲክ ጫፍ ይለቃል፣ አጥንቱ ጋ ትንሽ ቀላ ሊል ይችላል። እኛ ዓሣን ድርቅ እስኪል መጥበስ ስለለመድን ጥሬ ይመስለናል። አይደለም። ካላስቻላችሁ ግን መልሱት፣ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩበታል።

ሚጥሚጣ ይዛችሁ ከሆነ በዚህ ዓሣ ላይ አታድርጉት። እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ ሦስት ጉርሻ እንዲሁ ቅመሱት። የሚያቃጥል ካማራችሁ ቃሪያ በሶያ ሶስ በትንሽ ሳህን ይሰጧችኋል፣ እሱን ለሩዙ አድርጉት።

አንዱ ጎን ሲያልቅ ዓሣውን አትገልብጡት። የዓሣ አጥማጆች አገር ነው፣ ዓሣ መገልበጥ ጀልባ መገልበጥ ነው ይላሉ። አከርካሪውን ከጭራው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ ታችኛው ጎን እዚያው ይገኛል። ጋባዥ ካላችሁ የጉንጩን ሥጋ መርጦ ሳህናችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። እንደ ጉርሻ ቁጠሩት፣ እምቢ አይባልም። እናንተም ልታነሱላቸው ስትፈልጉ ለጋራ የተቀመጠውን ቾፕስቲክ ተጠቀሙ። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ መትከል ግን የለም፣ ለሙታን የሚጨስ ዕጣን ያስመስለዋል። እጃችሁ እምቢ ካለ «ቻ ዝ» ብላችሁ ሹካ ጠይቁ።

ከዓሣው ጋር አንድ አትክልትና ነጭ ሩዝ ይበቃል። አትክልቱን በነጭ ሽንኩርት በሉ። ጓደኞቼ መካከል ሽሪምፕ የሚበሉ አሉ፣ እነሱ እንዲሁ በውሃ የተቀቀለውን፣ «ባይ ጁዎ ሺያ» የሚሉትን ያዛሉ፣ በእጅ እየላጡ ሶያ ሶስ እያጠቀሱ ይበላሉ። ሂሳብ ሲፈለግ «ማይ ዳን» ነው። ጓንዡ ላይ ለአስተናጋጅ ጉርሻ (ቲፕ) መስጠት የተለመደ አይደለም። በሆንግ ኮንግ በኩል የምታልፉ ከሆነ እዚያ ብዙ ቦታ 10 በመቶ ሂሳቡ ላይ ይጨመራል። መመዘኛቸውም ሌላ ነው፣ አንዱ ጂን 605 ግራም ገደማ ሆኖ በ16 ይከፈላል። ሳይ ኩንግ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ከገንዳ መርጣችሁ የገዛችሁትን ዓሣ ለማብሰያ ብቻ አስከፍለው የሚሠሩላችሁ ቤቶች አሉ። ጊዜ ካላችሁ ሂዱ።

ካንቶን ፌር የሚባለው የጓንዡ የንግድ ትርዒት የሚያዝያው ዙር ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ መጨረሻ ወይም ከፋሲካ ጋር ይገጥማል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት። እኔ በሁዳዴ ዓሣውን ትቼ ጠዋት ጠዋት ሻይ ቤት እሄዳለሁ። የጓንዡ ሰው ጠዋቱን የሚጀምረው በሻይና ሙዳይ በመሰለች የቀርከሃ ዕቃ በሚመጡ ትናንሽ ምግቦች ነው። ካርዱ ላይ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ፣ ልዩ ተብሎ ይጻፋል። የዋጋ ደረጃ ነው እንጂ የምግቡ መጠን አይደለም። አብዛኞቹ አሳማ ወይም ሽሪምፕ አለባቸው፣ ስለዚህ ወረቀታችሁን እዚህም አሳዩ። ለጾመኛ የሚሆነው «ጃይ ቾንግ» ነው። ከሩዝ ሊጥ የተሠራ፣ ስስ፣ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ። ሶያ ሶስና ሰሊጥ ያደርጉበታል። «ጃይ» የሚሉት የቡድሃ አማኞች ከሥጋ ታቅበው የሚበሉትን ምግብ ነው። የእኛ «የጾም» እንደማለት ነው።

ባለፈው ዓመት በሕማማት ሰኞ ሻይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ከማያውቁት ሰው ጋር ጠረጴዛ መጋራት ልማዳቸው ነው። አንዲት አሮጊት ጎን አስቀመጡኝ። የእኔን ጃይ ቾንግ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ጃይ?» አሉኝ። «ጃይ» አልኳቸው። ማንቆርቆሪያቸውን አንስተው ስኒዬን ሞሉልኝ። እዚያ ሻይ ሲቀዳላችሁ የምታመሰግኑት ሁለት ጣት አጠፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛውን መታ መታ በማድረግ ነው። ቺያንሎንግ የሚባል ንጉሥ ተራ ሰው መስሎ ሲጓዝ ለአሽከሮቹ ሻይ ቀዳላቸው፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ መስገድ ስላልቻሉ በጣታቸው ሰገዱ ይባላል። ጣቶቼን አጥፌ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አደረግኩ።